ከጠዋቱ 4፡20 ነው ወይስ ከቀኑ 10፡20? ስለ ላፕቶፕ ኢንተርኔት ጥቅል የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን
እንዲሁም የሞባይል ኢንተርኔት ጥቅል ለምትሸጡልን ሁሉ
አዲስ አበባ

ጤና ይስጥልኝ።

ሥራዬ የተቀዳ ድምፅ እየሰሙ ወደ ጽሑፍ መገልበጥና መተርጎም ነው። ቢሮ የለኝም። ያለኝ አንድ ላፕቶፕ፣ የጆሮ ማዳመጫና የስልኬ ሆትስፖት ነው። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ተከራይቼ እኖራለሁ። «ለምን የመስመር ኢንተርኔት አታስገቢም?» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ተከራይ የሆነ ሰው መልሱን ያውቀዋል። ግድግዳው የአከራይ ነው። ገመድ ለማስገባት ማስፈቀድ አለ። ዓመት ሳይሞላ ኪራይ ሲጨመር ዕቃ ጠቅልሎ መውጣት አለ። እኔ በ3 ዓመት ውስጥ 3 ቤት ቀይሬያለሁ። ኢንተርኔቴ አብሮኝ መዞር አለበት። አብሮኝ የሚዞረው ደግሞ ሲም ካርዱ ነው።

እንደኔ ያለ ሰው በዚህ ከተማ ሞልቷል። የመመረቂያ ጽሑፏን የምትሠራ ተማሪ አለች። ቤቱ ሆኖ ሒሳብ የሚሠራ፣ ዲዛይን የሚሠራ፣ በርቀት የሚማር አለ። ሁላችንም ካርድ ሞልተን ወይም በቴሌብር ከፍለን፣ ለስልክ ታስቦ የተዘጋጀ ጥቅል ገዝተን፣ ላፕቶፕ ላይ እንጠቀምበታለን። ይህን የምጽፈው ስለ ዋጋ ላማርር አይደለም። ጥቅሉን ስንገዛ ምን እየገዛን እንደሆነ ቁርጡን የሚነግረን ስለሌለ ነው።

የደረሰብኝን ልንገራችሁ። የኦፕሬተሩን ስም አልጠራም። አንዱን ለመክሰስ አልተነሳሁም፤ ነገሩ ከአንድ ድርጅት በላይ ነው።

ሐሙስ ጥቅምት 6 ጠዋት የሳምንት ጥቅል ገዛሁ። ወዲያው በአማርኛ መልእክት ደረሰኝ። የገዛሁት መጠን ተጽፏል። የሚያበቃበት ጊዜም ተጽፏል፦ 2025-10-23፣ 10:20።

በሳምንቱ ሐሙስ የማስረክበው ሥራ ነበረኝ። ትልልቅ የድምፅ ፋይሎች ናቸው፤ ከነጽሑፋቸው ተመልሰው የሚላኩ። ጠዋት ተነስቼ ያንን መልእክት ፈልጌ አየሁት። 10፡20 ይላል። እሰይ፣ እስከ ከሰዓት ጊዜ አለኝ አልኩ። 4 ሰዓት ላይ መላክ ጀመርኩ። ስልኩን ኔትወርክ ደህና ወደሚመጣበት ወደ መስኮቱ ብረት አስደግፌ፣ ላፕቶፑን አልጋው ጫፍ ላይ ትቼ፣ ምሳ ልሠራ ወጣሁ። ሽንኩርቱን እያቁላላሁ ሁለት ጊዜ ተመልሼ አየሁ። መስመሩ እየሞላ ነው። ደስ ብሎኝ ወደ ድስቴ ተመለስኩ።

6 ሰዓት ሊሆን ሲል ሁሉ ነገር ቀጥ አለ። ኔትወርክ የጠፋ መስሎኝ ስልኩን አጥፍቼ አበራሁ። ምንም የለም። ቀሪ ሂሳቤን አየሁ። ባዶ ነው። ለሚቀጥለው ጥቅል ብዬ ከትናንት በስቲያ የሞላሁት ካርድ በሙሉ የለም።

ጥቅሉ ያበቃው ከጠዋቱ 4፡20 ላይ ነበር። 10፡20 ያለው በፈረንጅ ሰዓት ነው። ከ4፡20 በኋላ የሄደው ፋይል ሁሉ ከዋናው ሂሳቤ ሲቆረጥ ቆይቷል። ከጥቅሉ ላይ ደግሞ ወደ 2 ጊጋ የሚጠጋ ዳታ ነበረኝ። እሱም በዚያው ጠፋ። አንድ ሰው በአንድ ጠዋት ያልተጠቀመበትን ዳታም እንዲቆረጥ ያልፈቀደውን ካርድም ያጣል ማለት ነው።

«የገዛሽበትን ሰዓት ማስታወስ ነበረብሽ» ሊባል ይችላል። ከሳምንት በፊት ጠዋት ስንት ሰዓት ላይ ምን እንደነካ የሚያስታውስ ሰው የለም። መልእክቱ የሚላከውም ለዚሁ ነው። የስልኩን ቋንቋ አማርኛ ያደረገ ሰው ሰዓቱንም በአማርኛ ነው የሚያነበው። 10፡20 ተብሎ የተጻፈለት ሰው፣ 10፡20 ነው ብሎ ያምነዋል። የ6 ሰዓት ልዩነት ትንሽ ነገር አይደለም። የግማሽ ቀን ሥራ ነው። የፈረንጅ አቆጣጠሩን ቀን ደግሞ ለመመንዘር የግድግዳ ካላንደር ፊት የሚቆም ስንት አለ።

አሁን ወደ ላፕቶፑ ልምጣ። ጥቅሎቹ የተሰፉት በስልክ ልክ ነው። ላፕቶፕ ግን ሌላ ሆድ አለው።

ስልክ በሞባይል ዳታ ላይ መሆኑን ያውቃል። ትልልቅ አፕዴቶችን ዋይፋይ እስኪያገኝ ያቆያል። ላፕቶፕ ግን የስልካችሁን ሆትስፖት አብዛኛውን ጊዜ እንደ ማንኛውም ዋይፋይ ነው የሚያየው። ገደብ የሌለው መስመር ያገኘ ይመስለዋል። ስለዚህ እናንተ አንድ ኢሜይል ልትልኩ ስትከፍቱት፣ እሱ ከጀርባ ዊንዶውሱን ያድሳል፣ ፎቶና ፋይል ወደ ጎግል ድራይቭ ወይም ወደ ዋንድራይቭ ይጭናል፣ ፀረ ቫይረሱን ያወርዳል። የዊንዶውስ ትልቁ አፕዴት ሲመጣ ለብቻው ብዙ ጊጋ ነው። አንድ ሌሊት ላፕቶፑን ሳልዘጋ፣ ሆትስፖቱን ሳላጠፋ እንቅልፍ ወሰደኝ። ጠዋት ስነሳ «ጥቅልዎ አልቋል» የሚል መልእክት ጠበቀኝ። ገና በ3ኛው ቀን የወር ጥቅሌ ተሟጦ ነበር። ከስልኬ አንድ ቪዲዮ እንኳ አላየሁበትም።

ይህን የምታነቡ የላፕቶፕ ሰዎች፣ ለእናንተ አንድ ነገር ልበላችሁና ወደ መሥሪያ ቤቱ እመለሳለሁ። ዊንዶውስ ላይ ሴቲንግ ግቡ፣ ኔትወርክና ኢንተርኔት የሚለውን ክፈቱ፣ የተያያዛችሁበትን የስልካችሁን ዋይፋይ ንኩት። «ሚተርድ ኮኔክሽን» የሚል ማብሪያ ማጥፊያ አለ። አብሩት። ያኔ ላፕቶፑ መስመሩ የሚቆጠር መሆኑን ይረዳል፤ አብዛኛውን አፕዴትም ይይዛል። አዲስ ስልክ ከቀየራችሁ ወይም የሆትስፖቱን ስም ከለወጣችሁ እንደገና ማብራት አለባችሁ። እዚያው አካባቢ ዳታ ዩሴጅ የሚል አለ። ባለፉት 30 ቀናት የትኛው ፕሮግራም ስንት እንደበላ በስም በስሙ ያሳያችኋል። እኔ መጀመሪያ ያየሁ ቀን ደነገጥኩ። ከሥራዬ ይልቅ ከፍቼ የማላውቃቸው ነገሮች ነበሩ ላይኛው መስመር ላይ የተደረደሩት።

ደግሞ የሚቆጠረው የምናወርደው ብቻ እንዳይመስላችሁ። የምንልከውም ይቆጠራል። የቪዲዮ ስብሰባ በሁለቱም በኩል ስለሚበላ ነው ቶሎ የሚጨርሰው። ደህና ጥራት ባለው ምስል አንድ ሰዓት ከሰው ጋር ማውራት 1 ጊጋ ገደማ ይወስዳል። ካሜራውን አጥፍቶ በድምፅ ብቻ ከሆነ ከ100 ሜጋ በታች ነው። በኔ ሥራ ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። የአንድ ሰዓት ድምፅ ሳይጨመቅ በሲዲ ጥራት ከመጣ 600 ሜጋ ይሆናል። በኤምፒ3 ሲጨመቅ ያው ድምፅ 60 ሜጋ አይሞላም። ለጆሮዬ ልዩነት የለውም። አሁን ለደንበኞቼ ሁሉ «እባካችሁ በኤምፒ3 ላኩልኝ» እላለሁ።

በዚህ መንገድ ቁጭ ብዬ የወር ፍጆታዬን ቆጠርኩት። በሳምንት 2 ሰዓት የቪዲዮ ስብሰባ፣ በወር ወደ 9 ጊጋ። 20 ሰዓት የሚሆን የድምፅ ፋይል፣ ከ1 ጊጋ ትንሽ ይበልጣል። መዝገበ ቃላት፣ ኢሜይል፣ ማንበብ፣ መፈለግ፣ በቀን 300 ሜጋ ብል በ26 የሥራ ቀን 8 ጊጋ ሊሞላ ነው። ለአፕዴት 4 ጊጋ ልተው። 22 ጊጋ መጣ። እንግዲህ 25 ጊጋ የሚሆን የወር ጥቅል ነው የምፈልገው። ይህን ያህል አውቄ ገበያ ወጣሁ። ችግሩ የጀመረው እዚያ ነው።

ማውጫውን ስከፍት 25 ጊጋ የሚመስል ጥቅል አገኘሁ። ግን 25ቱ ሁሉ የቀን ነው? ወይስ የተወሰነው የሌሊት ጉርሻ ነው? የሌሊት ከሆነ ስንት ሰዓት ጀምሮ ስንት ሰዓት ድረስ? በየትኛው ሰዓት አቆጣጠር? ለቴሌግራምና ለቪዲዮ ብቻ የሚሠራ ድርሻ አለው? የደንበኛዬ ስብሰባ በቴሌግራም አይደለም፤ ያ ድርሻ ለኔ ሥራ ጥቅም የለውም። በሆትስፖት ለላፕቶፕ ማካፈል ይቻላል? ሲያልቅ ይቆማል ወይስ ካርዴን መብላት ይጀምራል? ሳይበላ የቀረው ወደሚቀጥለው ይሻገራል? ከተሻገረ፣ ከማለቁ በፊት ስገዛ ነው ወይስ ካለቀም በኋላ? የስልኩ ማውጫ መጠኑንና ብሩን ብቻ ጽፎ «ለመግዛት 1ን ይጫኑ» ይላል። የኔ ጥያቄ ሁሉ ከ1 በፊት ነበር።

«ያልተገደበ» የሚለው ቃል ላይ ትንሽ ልቆይ። ብዙ ሰው ላፕቶፕ ሲኖረው መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። እኔም ዓይኔ ወደዚያ ሄዶ ነበር። ያልተገደበ ሲባል መጠኑ ነው ያልተገደበው። ፍጥነቱ ግን ብዙ ጊዜ ይገደባል። ከተወሰነ መጠን በኋላ «ፍትሐዊ አጠቃቀም» በሚል ፍጥነቱ ይወርዳል። ወደ ስንት? እዚህ ላይ ደግሞ ሌላ መምታታት አለ። ፍጥነት የሚለካው በቢት ነው። የምንገዛው ዳታ የሚለካው በባይት ነው። 8 ቢት 1 ባይት ነው። ስለዚህ 4 ሜጋ ቢት ፍጥነት ያለው ሰው 1 ጊጋ ለማውረድ ግማሽ ሰዓት ከፍ ያለ ጊዜ ይፈጅበታል። ፍጥነቱ ወደ 512 ኪሎ ቢት ከወረደ ደግሞ ያው 1 ጊጋ 4 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይወስዳል። ስልክ ላይ መልእክት ለመላላክ ይበቃል። ላፕቶፕ ላይ የቪዲዮ ስብሰባ ለሚገባ ሰው ግን ተገድቧል ማለት ይቀላል። ፍጥነቱን ማውረድ ራሱ ክፋት የለውም። ኔትወርኩ የጋራ ነው፤ አንድ ሰው ጠቅልሎ ከያዘው ለጎረቤቱ አይተርፍም። ግን ከስንት ጊጋ በኋላ፣ ወደ ስንት እንደሚወርድ «ያልተገደበ» ከሚለው ቃል እኩል በሚነበብ ፊደል ይጻፍ።

ብሎካችን ሥር አንድ ሱቅ አለ። ካርድ የሚሸጠው ልጅ 20 ዓመት ቢሆነው ነው። የዚያን ሐሙስ ሥራዬን ለመጨረስ ካርድ ልገዛ ወርጄ፣ ሌላ ሰው ጠይቆኝ የማያውቀውን ጠየቀኝ። «ለስልክ ነው ለላፕቶፕ?» አለኝ። ለላፕቶፕ ነው ስለው ከመደርደሪያው ጀርባ አንድ የብስኩት ካርቶን ቁራጭ አወጣ። በእስክሪብቶ የጥቅሎቹን ዝርዝር ጽፎበታል። የሌሊት ዳታ ያለባቸው አጠገብ «ሌ» ብሏል። ለማኅበራዊ ሚዲያ ብቻ የሆኑትን በአንድ መስመር ሰርዟቸዋል፤ «እነዚህ ለላፕቶፕ አይሆኑሽም እቱ» አለኝ። የሳምንቱን ስመርጥ ደግሞ «አሁን አትግዢው፣ ማታ ሥራ ስትጀምሪ ግዢው፣ ያኔ ማታ ነው የሚያልቅብሽ» ብሎ መከረኝ። ይህን ሁሉ ከደንበኛ እሮሮ ነው የተማረው። ሰው ተበላሁ እያለ ሲመጣበት አንድ በአንድ እየጻፈ።

ያ የካርቶን ቁራጭ ነው ይህን ደብዳቤ ያጻፈኝ። አንድ የሱቅ ልጅ በእስክሪብቶ የጻፈውን ኦፕሬተሮቻችን በስልካችን ላይ ሊጽፉልን ይችላሉ።

ወደ ባለሥልጣኑ ልመለስ። መሥሪያ ቤታችሁ የተቋቋመው በኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ነው። የተጠቃሚውን ጥቅም መጠበቅ ከሥራዎቻችሁ አንዱ ነው። ያኔ ሻጩ ኢትዮ ቴሌኮም ብቻ ነበር። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ከድሬዳዋ ጀምሮ በመስከረም 2015 አዲስ አበባ ሲገባ፣ ሁለት ሲም ይዞ አማርጦ መግዛት ተጀመረ። ዋጋም ድሮ እንደነበረው አይደለም። በነሐሴ 2010 የሞባይል ኢንተርኔት ታሪፍ 43 በመቶ የተቀነሰ ጊዜ የነበረውን ደስታ አስታውሳለሁ። ይህ ሁሉ ጥሩ ነው። ነገር ግን ማማረጥ የሚቻለው ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት ሲቻል ነው። አንዱ የሌሊቱን ደምሮ፣ ሌላው ለይቶ፣ አንዱ ጉርሻ ጨምሮ፣ ሌላው ሳይጨምር ከጻፈ፣ የትኛው እንደረከሰ ከሒሳብ አስተማሪ በቀር የሚያውቅ የለም።

ስለዚህ አንድ ነገር ነው የምጠይቃችሁ። የትኛውም ኦፕሬተር የትኛውንም ጥቅል ሲሸጥ፣ ገዢው ከመክፈሉ በፊት የሚያየው አንድ ወጥ መግለጫ ይኑር። በማንኛውም ሰዓት የሚሠራው ዳታ ስንት እንደሆነ ለብቻው ይጻፍ። የሌሊቱ ለብቻው፣ ለተወሰነ መተግበሪያ ብቻ የሆነው ለብቻው። በሆትስፖት መካፈሉ ይነገር። የማብቂያው ቀንና ሰዓት የገዢው ቋንቋ አማርኛ ከሆነ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ «ከጠዋቱ» ወይም «ከምሽቱ» ከሚል ቃል ጋር ይጻፍ። ጥቅሉ ሲያልቅ ደግሞ፣ ደንበኛው ራሱ ይቀጥል ካላለ በቀር፣ ዋናው ሂሳብ አይነካ። ይህ የመጨረሻው በተለይ ለላፕቶፕ ሰው የህልውና ጉዳይ ነው። ስልክ በአንድ ደቂቃ ብዙ አይበላም። ላፕቶፕ ግን ወጥ እስኪበስል የአንድ ወር ካርድ ይጨርሳል።

«መልእክቱ ይረዝማል» የሚል መልስ እንዳለ እገምታለሁ። እውነት ነው፤ አንድ አጭር መልእክት በላቲን ፊደል 160 ሲይዝ፣ በኛ ፊደል 70 ብቻ ነው የሚይዘው። ግን ሁለት ሦስት መልእክት ተያይዞ እንደ አንድ ሊላክ ይችላል። የበዓል የስጦታ ማስታወቂያ ሲላክልን ርዝመቱ አስጨንቆ አያውቅም። እኔ የምፈልገውን ጻፍኩት፤ በሁለት መልእክት ይገባል፦

«ውድ ደንበኛ፣ 10 ጊጋ ገዝተዋል። በማንኛውም ሰዓት ይሠራል። በሆትስፖት ማካፈል ይችላሉ። የሚያበቃው ሐሙስ ጥቅምት 13 ከጠዋቱ 4፡20 ነው። ሲያበቃ ኢንተርኔቱ ይቆማል፤ ካርድዎ አይነካም።»

ይህ መልእክት ጥቅምት 6 ቢደርሰኝ ኖሮ፣ ያን ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ ተነስቼ ፋይሎቼን ልኬ ከ4፡20 በፊት እጨርስ ነበር።

ለምትጀምሩት ሥራ ሁለት ነገር ልስጣችሁ። ያንን የጥቅምት መልእክት አላጠፋሁትም፤ ስልኬ ላይ አለ። የሱቁንም ልጅ አስፈቅጄ የካርቶኑን ቁራጭ ፎቶ አንስቼዋለሁ። መግለጫውን ለማዘጋጀት ተጠቃሚ የምትጠሩ ከሆነ፣ ሁለቱንም ይዤ በጠራችሁኝ ቀን እመጣለሁ። ሰዓቱን ብቻ ከጠዋቱ ይሁን ከሰዓት በኋላ ለይታችሁ ጻፉልኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
ከኮዬ ፈጬ አንዲት የላፕቶፕ ሠራተኛ